ልጅ የሌላት ከታቢ

ጥር 12 ቀን 2001፣ ዲምቱ

ከጥምቀት ተመለስኩ። ቤቱ እንደተውኩት ነው፤ ማንስ ይነካዋል። አልጋው ላይ አቧራ ተኝቷል፣ ጀሪካኑ ባዶ ነው። ብርሃኔ ግን ደጄ ላይ ያለችውን ጎመን ውኃ ስታጠጣልኝ ሰንብታለች። ብርሃኔ ጎረቤቴ ናት፤ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በሬን ሳታንኳኳ የምትገባ እሷ ብቻ ናት። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ውኃ ተሸክማ ስላየኋት ተቆጣሁ። "ሳህሌ፣ አንቺ ነርስ ነሽ ወይስ አማቴ?" አለችኝ።

ሶዶ ደህና ነው። ባሌ መክብብም ደህና ነው፣ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሥራ አበዛበት እንጂ። በበዓሉ ዕለት አማቴ ጸበሉን በጣሳ ቀድተው ሆዴ ላይ አፈሰሱት። "ለማህፀንሽ ነው፤ ካገባሽ አምስት ዓመት ሆነሽ እኮ" አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። በነጠላዬ ተሸፈንኩ። መክብብ ታቦት የሚያልፍ ይመስል ወደ ማዶ ያይ ነበር፤ ታቦቱ ግን ገና አልደረሰም።

አልከፋኝም። እናት ናቸው፤ ስለ ልጃቸው ይጨነቃሉ።

ጥር 14

የጤና ጣቢያችን ኃላፊ አቶ ደገፉ ሰበሰበን። ከቢጠና፣ ከወረዳው፣ ትእዛዝ መጥቷል። መውለድ በሚቻልበት ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ሁሉ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ትከተብ ተብሏል። ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ወር እየተቆየ። እናትየዋ ስትከተብ ሕፃኑ ገና በሆዷ ሳለ ይጠበቃል። እትብቱ በማንኛውም ምላጭ ቢቆረጥ፣ ምንም ቢቀቡት፣ አፉ አይቆለፍም።

ቀላል ነገር ነው። ለማስረዳትም ቀላል ነው ብዬ አሰብኩ። ሶዶ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ወላይትኛ እሰማለሁ፣ ሲያሙኝም ጭምር።

ጥር 17

የመጀመሪያው ቀን። በጸሎት ቤቱ ግቢ፣ ግራሩ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋን። የበረዶ ሣጥኑን ጥላው እየሸሸ ሲሄድ ተከትለን ስናዛውር ዋልን። የመጡት መውለድ ያቆሙ እናቶች ናቸው። አንዷማ ክንዷን ዘርግታ "እኔን ውጊ፤ እኔ ምን ይቀርብኛል?" አለችኝ። ያኔ ሳቅኩ። አሁን ሳስበው አያስቅም።

ወጣቶቹ አጥሩ ጋ ቆመው አይተውን ተመለሱ። "መውለድ ይዘጋል" ይባባላሉ።

ከፊሉ ጥፋት የኛ ነው። የሦስት ወሩን መርፌ የምሰጥ እኔ ነኝ። በዚያው ክንድ፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ነጭ ጋወን። ሰኞ ልጅ እንዳይመጣ የወጋች እጅ ማክሰኞ "ይሄኛው ልጅ ያድናል" ብትል ማን ያምናታል? እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ጥር 20

ደገፉ ጮኸ። ቢጠና ላይ ደግሞ እሱ ላይ ይጮሁበታል። ሁለት ቀበሌ ሄድን፣ ሁለቱም ጋ ሰው የለም። ሴቶቹ ገበያ ሄዱ አሉን። ገበያ ቀን አልነበረም።

ጥር 24

ትናንት መክብብ አልመጣም። የሚያርመው ፈተና አለው። ሽሮውን ሁለት ቀን በላሁት።

ብርሃኔ የተቀቀለ ስኳር ድንች ይዛልኝ መጣች፤ ልጇ ኢየሩሳሌም ከኋላዋ ቀሚሷን ይዛ። እዚህ ሴት ከወለደች በኋላ ስሟን የሚጠራት የለም። ብርሃኔ "የኢየሩሳሌም እናት" ናት፣ ለባሏ ለአንጁሎ እንኳ። እኔ ለሁሉም "ሲስተር" ነኝ። ማዕረግ ነው፤ ምን አጎደለብኝ።

ከኢየሩሳሌም በኋላ የወለደችውን ወንድ ልጅ እኔ እዚህ ከመመደቤ በፊት ነው የቀበረችው። ሳምንት አልሞላውም ነበር። "ጡት ይዞ ነበር፤ ከዚያ ተወ። ጉንጩ እንደ እንጨት ደረቀ። ሲነኩት እንደ ቀስት ይለጠጣል" ብላ ነግራኛለች። ያ መንጋጋ ቆልፍ እንደሆነ ነገርኳት። በመርፌ ይከለከል እንደነበርም ነገርኳት። ዛሬ ደግሜ ለመንኳት።

"ብርሃኔ፣ ይሄ የአሁኑ እንዳይደግምሽ።"

ሳቀች። "ድንቹ ይቀዘቅዛል፣ ብይ" አለችኝ።

ጊዜ የለም። ሁለተኛው መርፌ ከመውለዷ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ መግባት አለበት። የመጀመሪያውን በዚህ ወር ወይም በየካቲት ካልወጋኋት ልጁ ባዶውን ይወለዳል።

ጥር 28

አንድ መላ መጣልኝ። ሰው በዓይኑ ያየውን ያምናል። ገበያ መሃል፣ ሁሉም እያየ፣ ራሴን ላስወጋ። ደገፉ "ግሩም ሐሳብ ነው" አለ። የጸሎት ቤቱ ወንጌላዊ ሶርሳ ራሱ ድምፅ ማጉያውን አምጥቶ ሴቶቹን ጠራልን። ደግ ሰው ነው።

ቅቤ ሻጮቹ ጋ ወንበር ላይ ቆምኩ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። "እዩኝ፤ መርዝ ቢሆን እኔ እወስደው ነበር?" አልኩ በወላይትኛ። ደገፉ ወጋኝ። ያን ያህል ሰው ባለበት ገበያ እንደዚያ ዝም ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ የልምድ አዋላጇ እማማ ቦልቴ ወደኔ መጡ። የተወጋሁበትን አላዩም። ትከሻዬን ሳሙኝና ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ተሳክቷል መሰለኝ። ነገ ሰልፍ ይኖራል።

የካቲት 1

ሰልፍ የለም።

የካቲት 2

ማንም። ከሦስት ወሩ መርፌ ተጠቃሚዎች እንኳ ሁለቱ ቀሩ።

የካቲት 4

ዛሬ ቦኖው ጋ ውኃ ስጠብቅ ሰማሁ። ግንቡ ጀርባ ሁለት ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። እዚያ መሆኔን አላወቁም።

"አየሻት አይደል፣ በአደባባይ ስትወጋ?"

"እሷማ ምን ትፈራለች! ተማሪ እያለች ጀምሮ ስትወጋ ኖራለች። ልጅ ታዲያ የታለ?"

"ሲያሳዝን። መልኳ ደግሞ እንዴት ያምራል።"

ጀሪካኔን ሳልሞላ ተመለስኩ። ውኃ ስለሌለ ፊቴን አልታጠብኩም።

አሁን ገባኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ "እዩኝ" ያልኩት እኔ ነኝ። አዩኝ። አምስት ዓመት ያገባች፣ ወገቧ የቀጠነ፣ ደጇ ላይ የሕፃን ጨርቅ ተሰጥቶ የማያውቅ ሴት አዩ። ወሬው ወሬ ብቻ ነበር፤ እግርና እጅ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ደንቆሮ! ነርስ ነኝ ብዬ ስኩራራ! ሰውን መስማት ሳይሆን ማስረዳት ብቻ ነው የተማርኩት። እማማ ቦልቴ ትከሻዬን የሳሙኝ ለምን እንደሆነም ገባኝ። ለቅሶ ላይ እንደዚያ ነው የሚሳመው።

እውነቱን ብናገር ያበቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን እውነቱ የኔ ብቻ አይደለም። የሆድን በሆድ ይዞ መኖር ነው።

የካቲት 8

መክብብ ትናንት መጣ፤ ዛሬ ከሰዓት ሄደ። ዶሮ ሠርቼ ነበር፣ ጾሙ ሳይገባ ብዬ። ትንሽ በላ። መንገዱ አድክሞት ነው።

ነገርኩት። ገበያውን፣ ቦኖውን፣ ብርሃኔን። ሳቀ መጀመሪያ። ከዚያ የምለምነው ነገር ሲገባው ሳቁ ጠፋ።

"ለአንድ ሰው ብቻ፣ መኬ። ለብርሃኔ ብቻ። ልጇ እንዳይሞት።"

"ስሜን ገበያ ልታወጪው ነው?"

እዚህ ልጻፈው፤ የሚያነብ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት ኦቶና ሆስፒታል ሁለታችንም ተመረመርን። እኔ ምንም የለብኝም። ምክንያቱ እሱ ጋ ነው። ሐኪሙ በደግ ቃል፣ ቀስ ብሎ ነገረው። ከሆስፒታሉ በር እስከ ቤታችን ድረስ በባጃጅ ውስጥ አለቀሰ፤ ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። በማርያም ማልኩለት፤ ለማንም፣ ለእናቱም እንዳልናገር። "መካኗ እኔ ነኝ ይበሉ" አልኩት። እኔው ነኝ ያልኩት፣ ማንም አላስገደደኝም። ያን ቀን ያፈቀርኩትን ያህል አፍቅሬው አላውቅም።

ዛሬ "እናቴ ዕረፍት አልሰጠችኝም፤ አንቺም ትጨምሪያለሽ" አለኝ። ሲሄድ ወፍራሙን ጃኬቱን ወሰደ። ሁለቱን ሹራቦችም። ሶዶ ይበርዳል፤ እውነቱን ነው።

የካቲት 15

ነገ ጾም ይገባል። ዛሬ ቅበላ ነው። አብሮኝ የሚቀበል ሰው ግን የለኝም፤ ይህን ለማጉረምረም አይደለም የተቀመጥኩት።

ጠዋት ከቆላው ቀበሌ አንዲት ልጅ እግር እናት ስድስት ቀን የሆነው ሕፃን ይዛ መጣች። አወቅኳት፤ የመጀመሪያው ቀን አጥሩ ጋ ቆመው ከተመለሱት አንዷ ናት። አፉ ተቆልፏል። በር ሲዘጋ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሲያስል ይንቀጠቀጣል። ሶዶ እንዲወሰድ መኪና እየፈለግን ሳለ እቅፏ ላይ ሞተ። እናትየው አልጮኸችም። "ትንሽ ተኝቷል" አለችኝ። እኔ ነኝ ከእጇ የተቀበልኩት።

ብርሃኔ ደጅ ቆማ ሁሉንም አየች። ቤቴ ተከትላኝ ገባች። አሁን እሺ ትለኛለች ብዬ መርፌውን በልቤ አዘጋጀሁ።

"አየሽ አይደል?" አልኳት።

"አየሁ። ይሄን ሞት አውቀዋለሁ፣ ሳህሌ። አንዴ ቀብሬዋለሁ። ልጅ ሲሞት አልቅሰሽ ሌላ ትወልጃለሽ። ማህፀን ሲሞትስ? እሱን አላውቀውም።"

"ክትባቱ ማህፀን አይነካም። በእግዚአብሔር ስም!"

መሬት መሬቱን አየች። "አትቀየሚኝ። ቤትሽ ማታ ሲመሽ መብራቱ ቶሎ ይጠፋል። ድምፅ የለም። አንዳንዴ አንጁሎን 'ሲስተር ተኛች፣ ምን ታድርግ' እለዋለሁ። እኔ የምፈራው መርፌውን አይደለም። የምፈራው እንዳንቺ መሆንን ነው።"

ከዚያ እጄን ይዛ አለቀሰች፤ እኔን ማስከፋቷ አስለቅሷት። "አልተቀየምኩም" አልኳት። አልተቀየምኩም። እሷ ከሄደች በኋላ ግን መብራቱን ሳላጠፋው ቆየሁ፤ ማን እያየኝ እንደሆነ እንጃ።

የካቲት 18

ደገፉን ለመንኩት። በኔ ቦታ የወለደች ነርስ አምጡ፤ ልጇን አዝላ ትምጣ፤ ሴቶቹ ይከተባሉ አልኩት።

"ለመከተብ መውለድ መስፈርት ሆነ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ቢጠናም ሰው የላቸውም አለ። ደግሞ "አንቺስ ምነው ዝም አልሽ? አንድ ብትወልጂ እኮ እኛም እንገላገላለን" አለ። ቀልድ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም።

ምሳ አልበላሁም። ጾም ስለሆነ ማንም አላስተዋለም።

የካቲት 20

ተናገርኩ።

ብርሃኔ ጓሮዋ እንሰት ሥር ቅጠል ትቆርጥ ነበር። የበረዶ ሣጥኑን ይዤ ሄድኩ፤ ቆርጬ ነው የሄድኩት እንግዲህ፣ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ ማለት አልችልም። ቢላዋውን ከእጇ ወስጄ አስቀመጥኩና ነገርኳት። ኦቶናን፣ ሐኪሙ ያለውን፣ መሐላውን። ስናገር ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ማለቴ ነው፤ "እኔ መውለድ እችላለሁ" ብዬ።

ብርሃኔ ተቆጣች፣ በኔ።

"እና ሁላችን መካን ስንልሽ ዝም ብለሽ ትሰሚያለሽ? ጅል ነሽ?"

"ማልኩ።"

"እናቱ ጸበል ሲያፈሱብሽ እሱ የት ነበር?"

መልሱን ሳትጠብቅ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋች። ወጋኋት። ክንዷ ወፍራም፣ ሞቃት ነው። መርፌው ሲገባ ፊቴን ያጨማደድኩት እኔ ስለሆንኩ "የሚወጋውስ ማነው?" ብላ ቀለደችብኝ።

"ለሰው እንዳትነግሪ" አልኳት።

"ለሰው? እኔ? ለማንም ሰው!" አለች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

መኬ ይቅር በለኝ። ለአንድ ሕፃን ብዬ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

የካቲት 27

ዛሬ አምስት ሴቶች በአንድ ላይ መጡ። ወጣቶች። ሳይጠሩ! አንዷ እርጉዝ ናት። ክንዳቸውን ሲዘረጉ ምንም አልጠየቁኝም። የዚያ ሕፃን ሞት አስተምሯቸው ይሆናል። ወይም ደጋግሜ ያስረዳሁት በመጨረሻ ገባቸው። እውነት ለመናገር ትንሽ ኮራሁ።

መጋቢት 1

ሰልፍ! ግራሩ ሥር እስከ በሩ ድረስ። እንቁላል ያመጡልኝ አሉ፤ ጾም ነው ስላቸው "ለፋሲካ አስቀምጪው" ይሉኛል። እጄን ይዘው በሁለት እጃቸው ይጨብጡኛል። ደገፉ "አንቺ ሴት፣ ምን አዞርሽባቸው?" እያለ ዙሪያዬን ይዞራል። መክብብ ቢያይ ኖሮ። ዘንድሮ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መጋቢት 3

እማማ ቦልቴ ሦስት ምራቶቻቸውን እየነዱ መጡ። ሦስቱንም ወጋሁ። ሲሄዱ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብለው፣ በሚችሏት አማርኛ፣

"አይዞህ ልጄ። ለባልሽ እየጸለይን ነው። እሱ ይከፍታል፤ አብርሃም ሽማግሌ ነበረ" አሉኝ።

ሲሪንጁን አስቀመጥኩት። የቀሩትን "ቆዩኝ" አልኩና ብርሃኔ ቤት በሩጫ ሄድኩ።

"ምን አደረግሽ?"

የምለውን ወዲያው አወቀች። ግን አልደነገጠችም፤ ይህ ነው ያቃጠለኝ።

"ለሰው አልተናገርኩም፣ ሳህሌ። ለእግዚአብሔር ነው የተናገርኩት።"

"የት ሆነሽ?"

"በሴቶች ጸሎት ላይ ነዋ። የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ 'የሲስተር ባል መክብብ፣ ጌታ ይፈውሰው' አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? ዝም ብዬ ጉዳትሽን ተሸክሜ ልኑር?"

"ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ?"

"ጸሎት በጆሮ ይነገራል እንዴ?"

ከልቧ ነው። አሁንም ምኑ ላይ እንዳጠፋች አልገባትም። እነሱ ዘንድ ሐሜት ኃጢአት ነው፣ ጸሎት ግን ሐሜት አይደለም። ስሙን ጠርተው፣ ሕመሙን ጠርተው፣ እጃቸውን አንስተው፣ በየሳምንቱ። ሶርሳም ጸልዮለታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሴቶቹ የመጡት በማስረዳቴ አይደለም። የመጡት ችግሩ እኔ ጋ እንዳልሆነ ስላወቁ ነው። እንቁላሉም ለዚያ ነው።

"ሁለተኛ ቤቴ እንዳትገቢ" አልኳት። ከዚያ ተመልሼ ወረፋውን ጨረስኩ። ማንንም ሳልወጋ አልመለስኩም።

መጋቢት 13

ትናንትም አልመጣም። ስልኩን አያነሳም። ኔትዎርክ ነው፤ ሶዶ ሰሞኑን ኔትዎርክ ያስቸግራል ይላሉ።

ብርሃኔን ካናገርኳት ቆየሁ። አጥሩ ጋ ስንተያይ እሷ ትቆማለች፣ እኔ እገባለሁ። ኢየሩሳሌም ግን በአጥሩ ሥር ገብታ ጎመኔን ውኃ ታጠጣለች። ማን እንደላካት አልጠይቃትም።

መጋቢት 20

ሁለተኛው መርፌ ዛሬ ነው የሚገባው። ብርሃኔ ጤና ጣቢያ አልመጣችም። እንደማትመጣ አውቄ ነበር፤ "እንዳትገቢ" ያልኳት እኔ ነኝ። ጠዋት ልሂድ አልሂድ ስል ቆይቼ፣ እሷ ከጸሎት ቤት ስትመለስ ሣጥኑን ይዤ ሄድኩ። ምስጢሬን ያወጣችው ብርሃኔ ናት፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ምን አደረገኝ?

ክንዷን ሰጠችኝ።

"አመመሽ?"

"አላመመኝም።"

"እንዳታሺው።"

"እሺ።"

ይኸው ነው። ጥጡን ይዤ ከሚገባው በላይ ቆየሁ መሰለኝ፤ እሷም ክንዷን አልሰበሰበችም።

መጋቢት 26

መክብብ መጣ። ሻንጣ ይዞ መጣ፣ ባዶ ሻንጣ።

አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። የትምህርት ቤቱ ሒሳብ መምህር ሚስት የዲምቱ ልጅ ናት። ሰውየው በመምህራን ክፍል፣ ሁሉም ባለበት፣ ትከሻውን ይዞ "አይዞህ ወንድሜ፣ እየጸለይንልህ ነው" አለው። አንዱ "ስለ ምን?" ብሎ ጠየቀ። መክብብ ያንን "ስለ ምን?" ሁለት ጊዜ ደገመልኝ፤ በሩ ላይ ቆሞ።

"ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት" አልኩ።

"ለአንድ ሰው አልነገርሽም። አንቺ ለመከበር ብለሽ እኔን ሸጥሽኝ።"

ሕፃኑን ልነግረው ፈለግሁ፤ እቅፏ ላይ የሞተውን፣ "ትንሽ ተኝቷል" ያለችውን። እሱ ግን ልብሱን ወደ ሻንጣው መክተት ጀምሯል። ንዴቱ ይገባኛል፣ በጣም ይገባኛል፤ በባጃጁ ውስጥ የነበረውን ፊቱን ነው ያየሁት። ግን ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ "መካን" ስባል ለምን እንደ እሱ ሻንጣ ይዤ አልወጣሁም? ይህን ለምን እሱ ሲሄድ ብቻ አሰብኩት?

ልብሱን ይዞ ሄደ። ሬዲዮውን ትቶልኛል። ሬዲዮውን የተወው ስለሚመለስ ነው። ለፋሲካ ይመጣል።

ሚያዝያ 11

ፋሲካ። ጎረቤት ሁሉ አርዷል። አንጁሎ በሣህን ሥጋ ይዞ በር ላይ መጣና "የኢየሩሳሌም እናት ናት የላከችው፤ አልገባም ብላ ነው" አለ። ተቀበልኩት። እንቁላሎቹንም ቀቀልኩ። ብቻዬን ሰው ስንት እንቁላል ይበላል?

እስከ ማታ ድረስ ከሶዶ የመጣውን መኪና ሁሉ አየሁ።

ሚያዝያ 19

ብርሃኔ ምጥ። ኢየሩሳሌም ልትጠራኝ መጣች። ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ ጊዜ የለም። እማማ ቦልቴ ቀድመውኛል፤ ምላጭ ቀቅዬ ሰጠኋቸው፣ ሳይከራከሩ ተቀበሉኝ። ወንድ ነው። ሲወጣ ጮኸ። ብርሃኔ እጄን ይዛ ነበር፤ አጥንቴ እስኪሰማኝ። "ሳህሌ ነሽ?" አለች። "ነኝ" አልኳት። ታረቅን ማለት ነው መሰለኝ።

እጄ አሁንም ያመኛል።

ሚያዝያ 22

ይጠባል።

ሚያዝያ 24

ይጠባል። ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነስቼ አጥሩ ጋ ቆምኩ፣ ሲያለቅስ ለመስማት። ሲያለቅስ ደስ ይለኛል፤ አፉ ተከፍቷል ማለት ነው።

ሚያዝያ 27

ሳምንቱን አለፈ። ጡቷን ነክሶ ይዞ አልለቅም አለ። ብርሃኔ እያየችኝ ሳቀች፣ ከዚያ ጉንጩን በጣቷ እየነካች ማልቀስ ጀመረች፤ ለስላሳ ነው፣ እንደ እንጨት አይደለም። ለቀበረችው ልጇ ጭምር ያለቀሰች መሰለኝ። ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። እንድይዘው ሰጠችኝ። ከባድ ነው፤ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም።

ግንቦት 6

ከሶዶ እህቴ ደወለች። የመክብብ እናት ልጅ እያጩለት ነው። ሽማግሌ ወደኔም ይላካል፤ በሰላም እንድንለያይ። ሶዶ ላይ የኦቶናውን ነገር ማንም አላመነም። "ስሙን ልታጠፋ ያወራችው ነው፤ መካኗ እሷ ናት" ይላሉ። ዲምቱ አምኖ ሶዶ ይክዳል። ሰው የሚያምነው የሚስማማውን ነው፤ እኔም "ኔትዎርክ ነው" ስል ከርሜ የለ።

ልጅቷ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው አለች እህቴ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጸበሉን በጣሳ ቀድተው በማን ሆድ ላይ እንደሚያፈሱት አውቃለሁ። ማን ይነግራታል? እኔ ብነግራት ቅናት ነው ትላለች።

ሬዲዮውን ለደገፉ ሰጠሁት። ድምፁ ያስቸግረኛል።

ግንቦት 14

የሴቶች ጸሎት ዛሬ ብርሃኔ ቤት ነበር፤ ለአራሷ ምስጋና። ካልመጣሽ ብላ ጎተተችኝ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው አይደለሁም፤ ነጠላዬን ተከናንቤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ከነዚያ ሴቶች ያልወጋሁት አልነበረም። ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ እኔም ጋ ደርሶ ቆየ።

ከዝማሬው በኋላ እንደ ልማዳቸው የጸሎት ርዕስ በየተራ ተጠየቀ። አንዷ የታመመች ላሟን አለች። አንዷ ፈተና ያለበትን ልጇን። እማማ ቦልቴ ጉልበታቸውን። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

"ሲስተርስ? ምን ብለን እንጸልይልሽ?"

ያቺ የሶዶ ልጅ አፌ ላይ ነበረች። መክብብም ነበረ፤ እንዲፈወስ ሳይሆን እንዲመለስ። እኔም ነበርኩ። ማታ በሬን ከዘጋሁ በኋላ እስኪነጋ ድረስ ከማንም ጋር አንድ ቃል እንደማልነጋገር፣ አንዳንዴ ድምፄ መኖሩን ለማየት እንደማስል። አንዱን ብል ቅዳሜ ሶዶ ይደርሳል። ሁሉም በጉጉት፣ በፍቅር ያዩኛል። እንዲህ የሚወዱኝ ሰዎች አጋጥመውኝ አያውቁም፤ አንዲት ቃል እንኳ ልሰጣቸው አልቻልኩም።

"ስለ ዝናብ ጸልዩ" አልኩ።

ብርሃኔ ቀና ብላ አየችኝ። ከሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮው ላይ እየዘነበ ነበር፤ ድምፃችንን እንኳ ከፍ አድርገን ነበር የምንነጋገረው። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን አንስተው፣ ስለ ዝናብ ጸለዩልኝ።